ቦርሳ ጠባቂ

ባጃጇ ታቃስታለች ጅሬን ዳገት ላይ፤
ሙዘይን ማርሽ ቀንሶ፣ አንጋጦ ወደ ሰማይ፣
«በርቺ የኔ እመቤት» ይላታል፣ ምጥ እንደያዛት ሴት፤
እኔም ከኋላ ወንበር፣ ዱላዬን አቅፌ፣ አምጣለሁ አብሬያት።

ግራ እግሬ አያናግረኝም፣ ካምና ግንቦት ወዲህ፤
ጥርሴን ስቦርሽ ነው የተኳረፍነው፣ ቆሜ እንዲህ።
«ትንሽ ናት» አለኝ ሐኪሙ፣ «የተዘጋችው የደም ሥር»፤
ትንሿ ግማሽ ጎኔን ወሰደችብኝ በብድር፣
እስካሁን አልመለሰችም።

ዳገቱን ግን አውቀዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት
አምስተኛ ክፍልን አሰልፌ ወጥቼዋለሁ በሚያዝያ ጠዋት፣
ፊሽካዬ ባንገቴ፣ የስም መጥሪያው በብብቴ፤
«ሰልፍ አይበጠስ! ማነው ያ የሚጎተት?»
በእግሬ ነበር። በዚሁ በእግሬ፤
ሳይቆራረጥ ትንፋሼ፣ ሳይደናቀፍ ንግግሬ።

የበሩ ልጅ ቲኬት ቆረጠልን። ዱላዬን አየ፣ ደረጃውን አየ፤
«እማማ፣ ላይኛው ፎቅ ይቅርብዎ፣ ሳንቃው ተለያየ፤
እንኳን ለእርስ—» አለና ዋጠው።
የፕላስቲክ ወንበር አመጣልኝ፣ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ።
ከወንበሩ ጋር ተግባባን።

እነ ሸምሲያ ሊወጡ ተነሡ። የወንድሜ ልጅ፣
አንድ እግሯን ደረጃው ላይ እንዳኖረች፣ ዞር አለች፤
«አክስቴ፣ ቦርሳችንን እያየሽ!»
ጭኔ ላይ ተከመረ፤ የውሃ ኮዳ፣ ሙዝ፣ ሹራብ።
እንጨቱ በእርምጃቸው ሲጮህ፣ ሳቃቸው ላይ ሲሰበሰብ
ሰማሁ። ከዚያ ዝም።

ደረጃው ስንት ነው? በሠላሳ አንድ ዓመት ቆጥሬው አላውቅም።
ዛሬ በዓይኔ ቆጠርኩት፣ ሁለቴ፤ ሁለቱ አልገጠመም።
የሚወጣ ሰው መች ይቆጥራል? የሚቆጥር የቀረ ነው።
ይህን ስል ነው ተማም ትዝ ያለኝ። እዚሁ ነበረ ቦታው፣
እዚች ድንጋይ ላይ።

ተማም አባ ቡልጉ። ቀኝ እግሩ ቀጭን፣ እንደ ሸንበቆ፤
ከቦሳ ቂጦ ማልዶ የሚመጣ፣ ዱላውን አንቆ፣
ከሁሉም ቀድሞ።
የዚያን ቀን አባቱ በቅሎ ለምኖ እስከ በሩ አደረሰው።
«አንተ እዚህ ሁን» አልኩት፣ «ጎበዝ፣ ቦርሳ ጠብቅልን።»
ሃያ ስምንት ቦርሳ።
«እሺ ቲቸር።»

ስንወርድ ጠየቀኝ፣ «ላይ ምን አለ?»
«ምንም» አልኩት፣ «ባዶ ክፍል ነው፣ አቧራ።» ርኅራኄ መስሎኝ ነበር።
አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ እንደ ምስጢር፣
«ቲቸር፣ እዚህ ስር ንብ አለ፤ ሳንቃው ውስጡ ይናገራል።»
ፊሽካ ነፋሁ። መሽቷል። ማን ጎንበስ ብሎ ይሰማል?

ዛሬ ጎንበስ አላልኩም፤ ወንበሩ ራሱ ዝቅ ያለ ነው፣
ጆሮዬ ከሰገነቱ ሆድ ትክክል።
መጀመሪያ ደሜ መሰለኝ፣ ያችው ተንኮለኛ ሥሬ፤
ከዚያ አንዷ ከስንጥቁ ወጣች፣ እግሯ ቢጫ ለብሶ፤
ሌላዋ ገባች፣ ሌላዋ፣ ምስጥ በተወው ቀዳዳ፣ ቀለሙ በረገፈበት።
ሳንቃው ይናገራል።
የዚያኔዎቹ ዘር ይሁኑ፣ እንግዳ ይሁኑ፣ አላውቅም።
ተማምም የት እንደደረሰ፤
ስድስተኛን ሳይጨርስ ቀረ፣ ማንም ለምን አላለም።
እኔም።

እነ ሸምሲያ ወረዱ። ፊቷ በርቷል፤ ጅማ ከነቆርቆሮዋ፣
ዓይኗ ውስጥ ገና ተዘርግታለች፣ እስከ ጫካው፣ እስከ ዳር ሜዳዋ።
ዱላዬን አየች። ድምጿን ቀነሰች።
«ምንም የለም አክስቴ፤ ባዶ ክፍል ነው፣ አቧራ።»

«እሺ» አልኳት።
«ቦርሳሽ ይኸው። ማንም አልነካውም።»